በማንግሮቭ ሥሮች ላይ ስለሚበቅሉት የባሕር አልጌዎች
(በተማሪዎች ኅብረት የምሽት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የዚህ ንግግር አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ በመኝታ ቤትም በምግብ አዳራሽም ሰላም አጥቼ ሰንብቻለሁ። አንዱ ጓደኛዬ፣ «አንተ ከጣና የሚሰፋ ውሃ አይተህ የማታውቅ ሰው፣ ስለ ባሕር ዕፀዋት ልታስተምረን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ አርእስቱን ቆሞ ካነበበ በኋላ፣ «ይህ ማንግሮቭ የሚባለው የየት አገር ጄኔራል ነው?» አለ አሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እሰጣለሁ። የፊተኛው ግን እውነቱን ነው፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከመጻሕፍት ያነበብሁትንና በማይክሮስኮፕ ያየሁትን ብቻ መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሆኖም ባሕሩ ከእኛ የራቀውን ያህል አልጌው አልራቀም። በቤተ ሙከራችን ባክቴሪያ የምናሳድግበት፣ በሳሕኑ ላይ ቀዝቅዞ የሚረጋው አጋር ከቀይ የባሕር አልጌ ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። የሳይንስ ተማሪዎች በየሳምንቱ እጃችንን የምንነክርበት ነገር የማን ልጅ እንደ ሆነ መጠየቅ ነውር አይመስለኝም። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅ ያያችሁ ደግሞ ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እርግጥ ነው፣ ያ የሐይቁ ፍጥረት በትክክል ሲመረመር ከባክቴሪያዎች ወገን የሚቈጠር ስለሆነ፣ ዛሬ ከምናገርላቸው ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። ለዓይን ግን ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ነገሬም የሚያጠነጥነው በዚሁ ለዓይን አንድ በሚመስለው ላይ ነው።

አሁን ወደ ጄኔራሉ ልምጣ። ማንግሮቭ የአንድ ዛፍ ስም አይደለም። በሞቃት አገሮች ጠረፍ፣ ባሕሩ ሲሞላ ጨው ውሃ በሚያጥለቀልቀው፣ ሲጎድል ደግሞ ጭቃው በሚቀርበት ስፍራ ለመኖር የቻሉ የልዩ ልዩ ዛፎች የጋራ ስም ነው። ሰባ ያህል ዝርያዎች ይሆናሉ። በ2020 በሳተላይት በተደረገው ልኬት መሠረት በዓለም ላይ 147,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ይሸፍናሉ። ከዚህም አንድ አምስተኛ የሚሆነው በኢንዶኔዥያ ነው።

የእነዚህ ዛፎች ችግር አየር ማጣት ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለሌለ ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ሥራቸውን ወደ ላይ ያወጣሉ። አንዳንዶቹ ለምሳሌ ሪዞፎራ የሚባለው ወገን ከግንዱና ከቅርንጫፉ ሥር እየላኩ፣ በድንኳን ምሰሶ እንደ ቆሙ ሁሉ በአየር ላይ ተደግፈው ይቆማሉ። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ አቪሴኒያ፣ ከጭቃው በታች አግድም በሚሄደው ሥራቸው ላይ ጣት የሚያህሉ ቀጥ ያሉ እሾሆችን ወደ ላይ ያቆማሉ። በአንድ ዛፍ ዙሪያ ብዙ ሺሕ እንደ ችካል የተተከሉ የሥር እሾሆች ሊገኙ ይችላሉ። አቪሴኒያ የሚለው ስም የተሰጠው ለሐኪሙ ለኢብን ሲና መታሰቢያ ነው። የቀይ ባሕሩን አቪሴኒያ በመጀመሪያ በሳይንስ የጻፈው ደግሞ ፔተር ፎርስኮል የተባለው የሊኔ ተማሪ ሲሆን፣ ከዴንማርክ ንጉሥ ተልከው ወደ ዐረብ አገር ከሄዱት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበረ። አረቦቹ ዛፉን «ሹራ» ሲሉት ሰምቶ እርሱም «ሴውራ» ብሎ መዘገበው። ፎርስኮል በ1763 በየመን በወባ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ኒቡር ብቻ ነው፤ የጓደኛውንም ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት። ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ይኸው ፎርስኮል በስዊዝ ጠረፍ የወይን ዘለላ የሚመስል አንድ አረንጓዴ አልጌ ሰብስቦ ነበር። ዛሬ ካውለርፓ ራሴሞሳ ይባላል፤ በካሪቢያን ማንግሮቭ ሥሮች ላይ ስንደርስ መልሰን እናገኘዋለን።

አልጌ በእውነቱ ሥር የለውም። ምግቡን በመላ አካሉ ከውሃው ይቀበላል፤ በታች በኩል ያለው ነገር መጨበጫ ብቻ ነው። የሚጨብጠው ጠንካራ ነገር ያስፈልገዋል፤ ድንጋይ ቢሆን፣ ዛጎል ቢሆን፣ ግድ የለውም። ነገር ግን ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ሁሉ ያለው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ አይጨበጥም። በዚያ ሁሉ የጭቃ ሜዳ ላይ ጠንካራ ሆኖ የሚገኘው የማንግሮቩ ሥር ብቻ ነው። ስለዚህ ሥር የሌለው ዕፅ በሌላው ሥር ላይ ይኖራል። ዛፉ ሲቈረጥ ቤቱም አብሮ ይፈርሳል ማለት ነው።

በመጀመሪያ የጭቃውን ችካሎች እንመልከት። ባሕሩ ሲጎድል ወደ ማንግሮቭ ጫካ የሚገባ ሰው በችካሎቹ ላይ የሚያየው፣ አውቆ ካልሄደ በቀር፣ እድፍ ነው። ጥቁር ቡናማ፣ አንዳንድ ጊዜ ወደ ሐምራዊነት የሚያዘነብል፣ ጭቃ የተጋገረበት እንደ ድንጋይ ሽበት ያለ ነገር ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከቀይ አልጌ ወገን ናቸው ቢባል ማን ያምናል? ርዝመታቸው ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ጭቃው ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ቦስትሪኪያ ጫፍ ጫፉ ወደ ውስጥ እየተጠቀለለ የተቈጣጠረ ጠጕር ይመስላል፤ ስሙም በግሪክ የጠጕር ቁጥር ማለት ነው። ካሎግሎሳ ስስ ቅጠል የሚመስሉ፣ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ትናንሽ ምላሶች አሉት። የስሙም ትርጕም «ያማረ ምላስ» ነው፤ ይህን ስም ያወጣው ሰው ጭቃውን በደንብ ያጠበ ሰው መሆን አለበት። ካቴኔላ ደግሞ ወፈር ወፈር ያሉ ዶቃዎች በክር እንደ ተሰኩ ሆኖ ይታያል፤ «ትንሽ ሰንሰለት» ማለት ነው። በእነዚህ መካከል ሪዞክሎኒየም የሚባል፣ እንደ ተበጠበጠ ክር ያለ አረንጓዴ አልጌ ይጠላለፋል።

የሚያስደንቀው እነዚህ ጥቂት ወገኖች በየትም ቦታ አብረው መገኘታቸው ነው። በብራዚል ችካል ላይ፣ በማሌዥያ ችካል ላይ፣ በአውስትራሊያ ችካል ላይ ዛፉ ሌላ ዝርያ ሆኖ ሳለ በላዩ ያለው ማኅበር አንድ ዓይነት ነው። ይህን በ1936 በሰፊው የጻፈችው ኤሪካ ፖስት የተባለች የጀርመን ሊቅ ናት፤ ማኅበሩንም በቦስትሪኪያ ስም ጠራችው። ይህች ሴት ሌሎች እንደ እድፍ የቈጠሩትን ነገር የዕድሜዋ ሥራ አድርጋ በመያዟ እኔ በበኩሌ ባርኔጣዬን አነሣላታለሁ።

በችካሉ ላይ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አልጌው በቀን ሁለት ጊዜ ከባሕር ተነሥቶ በሐሩር አየር ላይ ይቀራል። ፀሐይ ሲመታው ውሃው ይተንና ጨዉ ይበረታበታል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ በአንድ አፍታ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ተራ የባሕር ዕፅ ከሁለቱ በአንዱ ይሞት ነበር። ጆን ዌስት፣ ኡልፍ ካርስተንና የሥራ ጓደኞቻቸው ባደረጉት ምርመራ እንደ ታወቀው፣ ቦስትሪኪያ በሕዋሱ ውስጥ ሶርቢቶልና ዱልሲቶል የሚባሉ ስኳር መሰል ነገሮችን ያከማቻል። በውጭ ያለው ጨው ሲበረታ እርሱም ክምችቱን ይጨምራል፤ ስለዚህ ውሃው ከሕዋሱ ተስቦ አይወጣም። ሌሎች ቀይ አልጌዎች በአብዛኛው ለዚህ ሥራ ሌላ ዓይነት ስኳር ስለሚጠቀሙ ቦስትሪኪያ በዚህ ከዘመዶቹ ይለያል። ሶርቢቶልን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ስኳር የሌለበት ማስቲካ የሚጣፍጠው በእርሱ ነው። ካሎግሎሳ ደግሞ በማኒቶል ይሠራል። አንድ ዓይነት መከራ፣ ሁለት ዓይነት ጓዳ ማለት ነው። ይህ ብልሃት ስላላቸው ሁለቱም ወገኖች ከባሕር ርቀው በወንዝ ንጹሕ ውሃ ውስጥ እስከ መገኘት ደርሰዋል።

ችካሉ ራሱ ፎቅና ምድር ቤት አለው። ከላይኛው ጫፍ አጠገብ፣ ደረቁ በሚበዛበት፣ ቦስትሪኪያ ይበረታል፤ እርጥበቱ ወደሚቆይበት ዝቅ ሲባል ሌሎቹ ይጨመራሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ከአገር አገር ይለያያል። የዛፉ ጥላ፣ የጭቃው ብዛት፣ የውሃው ከፍታ ሁሉም በነገሩ እጅ አላቸው። በዚህ ላይ ብዙ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቷል፤ ሠንጠረዡን ለሚወዱ ከስብሰባው በኋላ አሳያለሁ።

አሁን ከጭቃው ወጥተን ወደ ሌላ ዓይነት ሥር እንሂድ። በካሪቢያን ባሕር ውስጥ የባሕሩ መሙላትና መጉደል በጣም ትንሽ ነው፤ በቤሊዝ ጠረፍ ሃያ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከዋናው ምድር ርቀው በኮራል ድንጋይ መካከል የተቀመጡ፣ ወንዝ የማይደርስባቸው፣ ውሃቸው የጠራ ትናንሽ የማንግሮቭ ደሴቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ትዊን ኪዝ ይባላል። ከእርሱ አጠገብ የስሚዝሶኒያን ተቋም ከ1972 ጀምሮ ኬሪ ቦው በምትባል እጅግ ትንሽ ደሴት ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቁሟል። በዚያ የቀዩ ማንግሮቭ ሥር ከዳር ወደ ውሃው ይወርድና፣ ውሃው ጠለቅ ባለበት ወለሉን ሳይነካ በመካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባሕሩ ስለማይጎድል ሥሩ ሁልጊዜ በውሃ ውስጥ ነው።

በጭቃው ችካል ላይ ድህነትና ጽናት ነበረ፤ በዚህኛው ላይ ያለው ገበያ ነው። ብርሃን በሚደርስበት በኩል አልጌው፣ በጨለማው በኩል ደግሞ ቀይ፣ ብርቱካንና ሰማያዊ ስፖንጆች እየተጋፉ ይኖራሉ። (ስፖንጆቹ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ ለማለት ይቻላል። በ1996 በወጣ ጥናት እንደ ተገለጸው ሥሩ ወደ ስፖንጁ ቀጫጭን ሥሮች ልኮ ናይትሮጅን ይቀበላል፤ እርሱም በበኩሉ ካርቦን ይሰጣል።) ከአልጌዎቹ መካከል አካንቶፎራ የሚባለው እሾሃማ ቀይ አልጌ፣ ለስላሳው ስፒሪዲያ፣ ቡናማው ዲክቲዮታ፣ እንዲሁም ፎርስኮል በስዊዝ ያገኘው ባለ ዘለላው ካውለርፓና ወንድሙ ካውለርፓ ቬርቲሲላታ ይገኛሉ። ካውለርፓ ግንድና ቅጠል ያለው መስሎ ይታያል እንጂ መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ነው፤ በመካከሉ አንድም ግድግዳ የለም። በአንደኛ ዓመት «ሕዋስ በዓይን የማይታይ ትንሽ ነገር ነው» ብለን የጻፍነውን ደብተር ይህ አልጌ ያፈርስብናል።

ከሥሩ በታች፣ በወለሉ ላይ ያለው ግን ሌላ ሕዝብ ነው። እዚያ የሚበዛው ሃሊሜዳ ነው፤ አካሉ በኖራ የጠነከረ፣ መራራ መድኃኒት በውስጡ የያዘ አረንጓዴ አልጌ። ሃሊሜዳ አዲሱን አካሉን የሚያበቅለው ሌሊት፣ ዓሦቹ በሚተኙበት ሰዓት ነው፤ ነጭ ሆኖ ይወጣና ሊነጋ ሲል አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ከሥሩ ጫፍ እስከ ወለሉ ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ሲሆን፣ ውሃው አንድ፣ ጨዉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከላይ ያለው ከታች፣ ከታች ያለው ከላይ የማይበዛው ስለ ምንድር ነው?

ፊሊፕ ቴይለር፣ ማርክ ሊትለርና ዳያን ሊትለር ይህን መርምረው በ1986 አሳትመዋል። (ሊትለሮቹ ባልና ሚስት ናቸው። በ1984 በባሐማስ በጥልቅ ውሃ መርከብ ወርደው፣ ከባሕር ወለል 268 ሜትር በታች በድንጋይ ላይ የሚኖር አልጌ ያገኙት እነርሱ ናቸው፤ ብርሃን በዚያ የለም ሊባል ጥቂት ነው የቀረው።) የሠሩት ሥራ ሲሰሙት ቀላል ነው። የሥሩን አልጌና የወለሉን አልጌ በሊታ እንስሳት ባሉበት ስፍራ አኑረው የትኛው ቶሎ እንደሚበላ ተመለከቱ። የሥሩ አልጌ ይበልጥ ተበላ። ለስላሳ ነው፤ ኖራም ብርቱ መርዝም የለውም፤ ለባሕር ጃርትና ለዓሣ ማለፊያ ምግብ ነው። ታዲያ በሥሩ ላይ እንዴት በሕይወት ቆየ? የባሕር ጃርት በወለሉ ላይ እየተሳበ የሚሄድ እንጂ የሚዋኝ ስላልሆነ፣ ተንጠልጥሎ የቀረ ሥር ላይ ሊወጣ አይችልም። በአንድ ክንድ ባዶ ውሃ ምክንያት በታች ሊኖር የማይችለው ሁሉ በላይ ይኖራል። በአገራችን እህሉን ከአይጥ ለመጠበቅ ጎተራውን በእግር ላይ እንደምናቆመው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛውን ጎተራ ያቆመ ሰው አለመኖሩ ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ብዝኅነት የነበረኝ አሳብ ተለውጧል። ከዚያ በፊት የብዙ ዓይነት ዕፀዋት በአንድ ስፍራ መገኘት የምግብ መትረፍረፍና የአየር መስማማት ውጤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ብዝኅነቱን ያተረፈው አንድ በሊታ ያልደረሰበት ስፍራ መኖሩ ነው። ያ ስፍራ ደግሞ የሥሩ ቅርጽ ነው። ዛፉን ነቅሎ በምትኩ የሲሚንቶ ግድግዳ የሠራ ሰው ጠንካራ ነገር ለአልጌው ትቶለታል ልትሉ ትችላላችሁ። ግድግዳው ግን ከወለሉ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለባሕር ጃርቱ ደረጃ ሠርቶለታል።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ባለፈው ሴሚስተር አንድ መምህሬ ውጭ አገር ሳሉ ያገኙትን፣ በወረቀት ላይ የደረቀ አንድ የማንግሮቭ አልጌ ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ የብራዚል ጠረፍ እንደ ሆነ ተጽፏል፤ የዝርያው ስም ግን አልነበረም። «ስሙን አውጣለት» አሉኝ። ቦስትሪኪያ መሆኑን በአንድ ቀን አወቅሁ፤ ጫፉ የተጠቀለለ ነበርና። ዝርያውን ለማወቅ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። በመጻሕፍቱ መሠረት ሁለት የተቀራረቡ ዝርያዎች አሉ፤ ሞሪትዚያናና ራዲካንስ። የመጨረሻዎቹ ቀጫጭን ቅርንጫፎች በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ብቻ የተሠሩ ከሆኑ ሞሪትዚያና ነው፤ እንደዚያ ያሉ ከሌሉት ራዲካንስ ነው። ከደረቀው ናሙና እየቈረጥሁ፣ በውሃ እያራስሁ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ድረስ ሕዋስ ቈጠርሁ። በመጨረሻ ባለ አንድ ረድፍ ቅርንጫፍ አለመኖሩን አረጋግጬ «ቦስትሪኪያ ራዲካንስ» ብዬ በጥሩ ቀለም ጻፍሁና ለመምህሬ ወሰድሁላቸው። እርሳቸውም አይተው ፈገግ አሉና አንድ ጽሑፍ እንዳነብ ሰጡኝ።

ጽሑፉ ጁሴፔ ዙካሬሎና ጆን ዌስት በ2003 ያወጡት ነው። ዌስት ለብዙ ዓመታት፣ በኋላም በሜልበርን ሆኖ፣ ከዓለም ማንግሮቮች ሁሉ አልጌ እየሰበሰበ በጠርሙስ ውስጥ በሕይወት ሲያኖር የቆየ ሰው ነው። ሁለቱ ሰዎች ከብዙ አገር የመጡትን ሞሪትዚያናዎችና ራዲካንሶች የዲ ኤን ኤ ቅደም ተከተል አነጻጸሩ። የተገኘው ሁለት ዝርያ አልነበረም፤ ሰባት የተለያዩ የዘር ሐረጎች ነበሩ። ከዚህ የከፋው ደግሞ እኔ ሁለት ሳምንት የቈጠርሁት ባለ አንድ ረድፍ ቅርንጫፍ ሐረጎቹን የማይለይ መሆኑ ነው። በአንዱ ሐረግ ውስጥ ቅርንጫፉ ያላቸውም የሌላቸውም ይገኛሉ፤ ቅርንጫፉ ያላቸውም በተለያዩ ሐረጎች ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። በእኔ ወረቀት ላይ ያለው ከሰባቱ የትኛው እንደ ሆነ ቀለሜ ሊናገር አልቻለም።

አንዳንዶቻችሁ፣ «ዲ ኤን ኤ ስለተለያየ ብቻ ልዩ ዝርያ ነው ይባላልን?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እነርሱም ጠይቀውታል። ስለዚህ አልጌዎቹን በሳሕን ውስጥ አጋቧቸው። የቀይ አልጌ የወንድ ሕዋስ ጭራ ስለሌለው ሊዋኝ አይችልም፤ ውሃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። ሴቲቱ ከጠጕር የቀጠነ ተቀባይ ክር ትዘረጋለች፤ ወንዱ ሲያልፍ ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ ወንዱንና ሴቲቱን በአንድ ሳሕን ውስጥ አኑሮ ፍሬ መያዝ አለመያዟን መጠበቅ ነው። የአንዱ ሐረግ ወንድ ለሌላው ሐረግ ሴት ፍሬ አላስያዘም። ከዚህም አልፎ በአንዳንድ ሐረግ ውስጥ ያሉት እንኳ እርስ በርሳቸው እንቢ ያሉበት ጊዜ ነበረ። ስለዚህ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ያለ ልዩነት አይደለም። ራሳቸው አልጌዎቹ ያውቁታል፤ ሳናውቀው የኖርነው እኛ ነን።

የካሎግሎሳም ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሞንታኝ የተባለው ፈረንሳዊ በ1840 ከካየን በመጣ ናሙና ካሎግሎሳ ሌፕሪዩሪን ጻፈ። ከዚያ በኋላ በሞቃት ባሕር ሁሉ ያ ምላስ መሳይ አልጌ በተገኘ ቁጥር በዚሁ ስም ተጠራ። ሚትሱኖቡ ካሚያና ባልደረቦቹ ዲ ኤን ኤውንና ጋብቻውን ሲመረምሩ ግን በአንድ ስም ሥር ብዙ ዝርያዎች ተሰብስበው ተገኙ። ይባስ ብሎ በ2001 በወጣ ጥናት፣ በአንድ ማንግሮቭ ጠረፍ ውስጥ ያሉ፣ በአንድ ስም የሚጠሩ ካሎግሎሳዎች በዘራቸው ብቻ ሳይሆን በአኗኗራቸው ጠባይም የተለያዩ መሆናቸው ታይቷል። በአንድ ጫካ ውስጥ ማለቴ ነው እንጂ በሁለት ባሕር አይደለም።

እንግዲህ ስለ ማንግሮቭ አልጌ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ በየአገሩ «ይህን ያህል ዝርያ ተገኘ» እየተባለ የሚሰጠው ቁጥር የስሞች ቁጥር ነው። ስሞቹን ደግሞ ያወጣው ዓይን ነው። በዓይን የተቈጠረ ሕዝብ ሁሉ አንሶ መቈጠሩን ቦስትሪኪያ አስረድቶናል።

ይህ ነገር የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማታ ማታ አላስቸግራችሁም ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እንዳስታወቀው በ1980 የዓለም ማንግሮቭ 18.8 ሚሊዮን ሄክታር ነበረ፤ በ2005 ወደ 15.2 ሚሊዮን ወርዷል። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ፣ ለሩዝ፣ ለሆቴል፣ ለወደብ፣ ለከሰል ተቈረጠ። በእኛው አህጉር ከላሙና ከሩፊጂ የተቈረጠ የማንግሮቭ ግንድ በጀልባ ተጭኖ ለዐረብ አገር ቤቶች ጣሪያ ሲሆን ኖሯል፤ ያ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በምሳር የተካሄደ ስለ ነበረ ጫካው ይታገሠው ነበር። ኩሬው ግን ትዕግሥት አይጠይቅም። ቤሊዝም ራሷ አልዳነችም። የኮራል ድንጋይዋና የማንግሮቭ ደሴቶችዋ በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብለው ከተመዘገቡ በኋላ፣ ማንግሮቩ እየተመነጠረና መሬቱ እየተሸጠ በመሄዱ በ2009 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። መንግሥቱ ጥበቃውን በሕግ ካጠናከረ በኋላ በ2018 ከዝርዝሩ ወጥተዋል።

በእርግጥ ቈረጣው ከ1980ዎቹ ጋር ሲመዛዘን በአሁኑ ጊዜ ቀንሷል፤ በብዙ አገርም ችግኝ ይተከላል። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የሚቈጠረው ዛፉ ነው። ሳተላይቱ ቅጠሉን ከላይ ያያል፤ ሥሩን አያይም፤ በሥሩ ላይ ያለውን ጥቁር እድፍማ ጭራሽ አያይም። አንድ ጠረፍ ተመንጥሮ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ ገና ቢተከል፣ በሪፖርቱ ላይ ሄክታሩ ይመለሳል። ከሰባቱ ሐረጎች በዚያ የነበረው የትኛው እንደ ነበረ ያልተጻፈ ከሆነ ግን፣ መመለሱንና አለመመለሱን የሚጠይቅ ሰው በምን ያመሳክራል?

ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ የተናገሩ አንድ ባልደረባችን፣ የሳይንስ ተማሪ ለአገር ወዲያው የሚጠቅመውን ብቻ ማጥናት አለበት ብለው ብዙ ጭብጨባ አግኝተዋል። እኔም አጨብጭቤአለሁ። በኋላ ግን አሰብሁ። የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው አስቀድሞ የለየው ማን ነው? በበርማ ሕዝቡ ካቴኔላን ለምግብ ያደርገዋል፤ ይህን እዚህ ላይ ብናገር ባልደረባችን «እንግዲያው ይጠና» ሊሉ ነው። ቦስትሪኪያን የሚበላ ሰው ግን አልሰማሁም። ታዲያ ካቴኔላ ይጠና፣ ከእርሱ ጋር በአንድ ችካል ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ቦስትሪኪያ ይቅር እንዴት ይባላል? ናሙናውን ከጭቃው ስታጥቡት እኮ ሁለቱ ተጠላልፈው ነው የሚወጡት፤ ለመለየት መርፌና ግማሽ ቀን ያስፈልጋል።

ያንን ስሙን የተሳሳትሁበትን ናሙና አምጥቼዋለሁ። በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ማይክሮስኮፕ ተዘጋጅቷል፤ በግራ በኩል ባለው የቦስትሪኪያው የተጠቀለለ ጫፍ፣ በቀኝ በኩል ባለው ደግሞ ከዚያው ወረቀት ላይ በስተኋላ ያገኘሁት አንድ ቁራጭ ካሎግሎሳ አለ። የቀኙ ማይክሮስኮፕ ስክሩ የላላ ስለሆነ እባካችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ መስተዋቱ ከተሰበረ ሌላ ናሙና የለኝም። በወረቀቱ ላይ የጻፍሁትን ስም አልሰረዝሁትም፤ ከጎኑ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት ብቻ አኑሬበታለሁ።